ኢንተርኔት በሌለው ኔትወርክ ላይ ጊት መጠቀም፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ጊት የኮድ ለውጥን በየደረጃው መዝግቦ የሚይዝ ፕሮግራም ነው። 2015 ክረምት ላይ ሞባይል ዳታ ሲጠፋ ጎንደር ውስጥ ኮድ ከሚጽፈው ሰው ስንቱ «በቃ ጊትም ቆመ» ብሎ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ፣ ዛሬም ማራኪ አካባቢ ተማሪ ብትጠይቁ ወይ ፒያሳ ማኪያቶ እየጠጣችሁ ወሬው ቢነሳ ያው ነገር ነው የሚመጣው። ዳታው እያለም ሆን ብለው ኔትወርካቸውን ከኢንተርኔት የሚለዩ ቢሮዎች አሉ፣ የታካሚ መረጃ ያለባቸው፣ ሂሳብ ያለባቸው ምናምን። ለሁለቱም ስለሚሆን ደጋግሜ የምሰማቸውን ላንሳ።

«ጊት ማለት ጊትሃብ ነው»

ኧረ አይደለም፣ ጊትሃብ በጊት የተያዘ ኮድ ኢንተርኔት ላይ የሚቀመጥበት ድረ ገጽ ነው። ሊኑስ ቶርቫልድስ ጊትን የጻፈው በፈረንጆቹ 2005 ነው፣ የሊኑክስ ከርነል ሰዎች በነጻ ሲጠቀሙበት የነበረው ቢትኪፐር ነጻ ፈቃዱ ሲነሳባቸው። ጊትሃብ የመጣው 2008 ላይ ነው። ኮሚት (ለውጥ መመዝገብ)፣ ብራንች (የስራ ቅርንጫፍ)፣ መርጅ (ቅርንጫፎችን ማዋሃድ)፣ ሎግ (የለውጦቹ ዝርዝር)፣ ዲፍ (ልዩነት ማሳየት) ሁሉም እናንተው ዲስክ ላይ ነው የሚሰሩት። ሌላ ቦታ የሚፈልጉት ክሎን (ሙሉ ቅጂ መውሰድ)፣ ፑሽ (መላክ)፣ ፑልና ፌች (አዲሱን ማምጣት) ናቸው፣ እሱም ጎናችሁ ያለ ዴስክቶፕ ወይ እዛው ኮምፒውተር ላይ ያለ ሌላ ፎልደር ቢሆን ጊት ግድ አይሰጠውም።

«ትልቅ ሰርቨር መግዛት አለብን»

ጥግ የተጣለ አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ሊኑክስ ጭናችሁ፣ ኤስኤስኤች (ከሌላ ማሽን በተመሰጠረ መንገድ መግቢያ) ከፍታችሁ፣ ሂስትሪውን ብቻ የሚይዝ ቤር ሪፖ (የኮድ ማከማቻ) ከፈጠራችሁ ለአምስት ስድስት ሰው በደንብ ይበቃል። በብራውዘር ማየት ካማራችሁ ጊቲ የሚባል ፕሮግራም አለ፣ አንድ ፋይል ነው፣ በኤስኪውላይት (ቀላል ዳታቤዝ) ይሰራል፣ ራስበሪ ፓይ የሚባለው ትንሽ ኮምፒውተርም ይችለዋል። ተመሳሳዩ ጊትላብ ራም ስለሚበላ ለትንሽ ቢሮ አልመክርም። ዩፒኤስ ግን አትርሱ፣ የከተማችንን መብራት ታውቁታላችሁ፣ እየጻፈ እያለ ድንገት ከሄደበት ፋይል ሊበላሽ ይችላል፣ ሲመጣ ጊት ኤፍኤስሲኬ የሚለውን መፈተሻ ትዕዛዝ አሂዱና እዩት። ሁሉም ጋ ክሎን አለ ብላችሁም ባክአፕ አትተዉ፣ ፑሽ ያልተደረገ ብራንች የባለቤቱ ላፕቶፕ ላይ ብቻ ነው ያለው።

«ኮድ ማስገባት ከሆነ ፎልደሩን ዚፕ አድርጎ በፍላሽ ነው»

እኔን በጣም የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ዚፕ ሲደረግ ኮሚት ያልሆነው፣ የፓስወርድ ፋይሉ፣ ሁሉ አብሮ ይገባል፣ ከሳምንት በኋላ ደግሞ «ፋይናል»፣ «ፋይናል ሁለት» የሚሉ ፎልደሮች ተደርድረው የትኛው አዲስ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ይጠፋል። ጊት ለዚሁ ብሎ ባንድል የሚባል ነገር አለው። ጊት ባንድል ክሪየት ብላችሁ የፋይል ስም ሰጥታችሁ መጨረሻ ላይ ዳሽ ዳሽ ኦል ስትሉት ብራንቹንም ታጉንም (ኮሚት ላይ የሚለጠፍ ስም) ሂስትሪውንም አንድ ፋይል ውስጥ ይጨምረዋል። ፋይሉን በፍላሽ ይዛችሁ ወዲያኛው ማሽን ላይ በቀጥታ ክሎን ወይ ፌች ታደርጉታላችሁ፣ ልክ ሪሞት ሰርቨር እንደሆነ። በሚቀጥለው ጊዜ ሁሉንም አትሸከሙም፣ ባለፈው የቆማችሁበት ላይ ታግ አድርጋችሁ ከዛ ወዲህ ያለውን ብቻ ባንድል ማድረግ ነው። መሃል ላይ አንድ ዙር ከተዘለለ ጊት ባንድል ቬሪፋይ ስትሉት የሚጎድለውን ኮሚት ይነግራችኋል። የፍላሹ ፎርማት ፋት 32 ከሆነ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም፣ ለትልቅ ሪፖ ኤክስፋት አድርጉት።

«ከኢንተርኔት ስለተለየ ሴኪዩሪቲ አያሳስብም»

በፈረንጆቹ 2010 ላይ የታወቀው ስታክስኔት የሚባል ቫይረስ የኢራኑን የናታንዝ ኒውክሌር ጣቢያ የመታው ኔትወርኩ ከኢንተርኔት ተለይቶ እያለ ነው፣ ቫይረሱ በፍላሽ ጭምር ነበር የሚተላለፈው። እኛ ጋ እሱ ድረስ መሄድም አያስፈልግም፣ ያው ፍላሽ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄዶ ፎልደሩን ሁሉ ሾርትከት አድርጎ ሲመለስ ያላየ ማን አለ? ለዚህ ስራ ብቻ የሚሆን ፍላሽ ለዩ፣ መግቢያው ላይ አንድ ማሽን አስቀምጡና እዛ ስካን ሳይደረግ ምንም አይግባ።

ሌላው፣ ጊት ኮንፊግ (የጊት ማስተካከያ) ላይ ማንም የፈለገውን ስም መጻፍ ይችላል፣ የጓደኛውንም የአለቃውንም። ስለዚህ ቢሮው በሙሉ በአንድ ዩዘርና በአንድ ፓስወርድ ከገባ ማን ምን እንዳደረገ በኋላ ማጣራት ከባድ ነው፣ ለየሰዉ የራሱ ኤስኤስኤች ኪይ ስጡት።

«ሰዓት ከተሳሳተ ሂስትሪው ይበላሻል»

አይበላሽም። ባትሪው የሞተ ዴስክቶፕ በተነሳ ቁጥር ከአስር አመት በፊት ባለው ጊዜ ውስጥ ነኝ ሊል ይችላል፣ ኮሚቱም ያንኑ ቀን ይይዛል፣ ግን ኮሚቶች የሚያያዙት በቀን ሳይሆን እያንዳንዱ የበፊቱን ሃሽ (ከይዘቱ የሚሰላ መለያ) በመያዙ ነው። ሎግ ላይ ቅደም ተከተሉ ያደናግራችኋል፣ ኤችቲቲፒኤስ (የተመሰጠረ የብራውዘር ግንኙነት) ካላችሁም ሰርተፊኬቱ ጊዜው አልደረሰም ብሎ ያስቸግራል። አንዱን ማሽን የሰዓት ሰርቨር አድርጉና ሌላው ሁሉ ከሱ ይውሰድ።

«ጊት ከተተከለ ስራው አለቀ»

ዋናው ራስ ምታት እዚህ ነው የሚጀምረው። ኮዱ ገባ፣ ፒፕ ኢንስቶል (የፓይተን ፓኬጅ መጫኛ) ስትሉ ግን ከየት ያውርድ? ኢንተርኔት ያለው ማሽን ላይ በፒፕ ዳውንሎድ ሰብስባችሁ አስገቡና ውስጥ ስትጭኑ ኢንተርኔት ላይ ያለውን ኢንዴክስ (የፓኬጅ ማውጫ) እንዳይፈልግ ንገሩት፣ የሁለቱ ማሽን ፓይተን ቨርዥንና ኦፐሬቲንግ ሲስተም ካልተመሳሰለ ግን አንዳንዱ ፓኬጅ እምቢ ይላል። ሰብሞጁል (በውስጡ የተካተተ ሌላ ሪፖ) ያለው ፕሮጀክትም አድራሻው ጊትሃብን እየጠራ ይቆማል። ለሱ ሰብሞጁሎቹንም በየራሳቸው ባንድል አስገቧቸውና ጊት ኮንፊግ ላይ ኢንስቴድ ኦፍ የሚለውን ተጠቀሙ፣ የጊትሃብን አድራሻ ባየ ቁጥር የውስጡን ሰርቨር ይጠራል፣ የፕሮጀክቱን ፋይል መንካት ሳያስፈልግ።