የምህንድስና ሁለተኛ ዲግሪ ከወሎ፦ ማን ይከፍላል፣ በምን ውል?

በወሎ የምህንድስና ትምህርት ዋና ማዕከል የወሎ ዩኒቨርሲቲ አካል የሆነው የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ነው፤ በሰሜን በኩል ደግሞ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ አለ። ከእነዚህ ተመርቆ በፋብሪካ፣ በግንባታ ወይም በማስተማር ሥራ ላይ ያለ ሰው ሁለተኛ ዲግሪ ሲያስብ ወይ መሥሪያ ቤቱ ስፖንሰር ያደርገዋል፣ ወይ ከኪሱ ይከፍላል፣ ወይ ለውጭ ስኮላርሽፕ ይወዳደራል፣ ወይ ደግሞ የውጭ ዩኒቨርሲቲ በረዳትነት ቀጥሮ ያስተምረዋል። አብዛኛው ሰው የሚያወዳድረው በወር የሚገባውን ገንዘብ ነው። መጀመሪያ መታየት ያለበት ግን ገንዘቡ ምን እንደማይሸፍንና ተማሪውን በምን እንደሚያስር ነው።

የመሥሪያ ቤት ስፖንሰርነት ለቤተሰብ ኃላፊ ከሁሉም የተረጋጋው ነው፤ ደመወዝ ሳይቋረጥ የትምህርት ክፍያውም ይሸፈናል። በምላሹ ተማሪው ተመልሶ ለተወሰነ ዓመት ለማገልገል ውል ይፈርማል፣ ዋስም ያቀርባል። ውሉን ካፈረሰ የተከፈለው ደመወዝና የትምህርት ወጪ ተመላሽ ይጠየቃል፤ እሱ ካልተገኘ ዋሱ ይያዛል። ስለዚህ ከመፈረም በፊት የአገልግሎቱ ዘመን ከምረቃ ቀን ይሁን ወደ ሥራ ከተመለሱበት ቀን እንደሚቆጠር፣ ቴሲሱ (የመመረቂያ ጥናቱ) ከሁለት ዓመት ካለፈም ደመወዙ ይቀጥል እንደሆነ በጽሑፍ ማወቅ ግድ ነው። ብዙዎች የሚቸገሩት በዚህ በመጨረሻው ነጥብ ነው። በተለይ የሙከራ ሥራ ያለበት ቴሲስ ይዘገያል፦ የኮንክሪት ናሙና ተሠርቶ የ28 ቀን ጥንካሬው እስኪለካ መጠበቅ አለ፣ የመፈተሻ ማሽን ወረፋ አለ። በ2013 መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ በነበረው ጦርነት ሁለቱም ዩኒቨርሲቲዎች ተዘርፈዋል፤ ርዕስ ከመምረጥ በፊት የሚያስፈልገው መሣሪያ አሁን የት እንዳለ፣ ሌላ ከተማ ሄዶ ለማስፈተሽም ማን እንደሚከፍል ማጣራት ብዙ ወር ያድናል።

ከኪስ መክፈል ነጻነት ይሰጣል፤ ዋስ የለም፣ ግዴታ የለም። ሂሳቡ ሲሠራ ግን በክሬዲት ሃወር የሚከፈለው ብቻ አይበቃም። አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር ሄዶ በመደበኛ ለሚማር ትልቁ ወጪ የሚቀርበት ደመወዝና የቤት ኪራዩ ነው። ኮምቦልቻ ፋብሪካ እየሠራ የቅዳሜና እሑድ ትምህርት ለሚጀምር ደግሞ ችግሩ ሺፍት ነው፤ የሺፍት ለውጡን ከአለቃው ጋር በደብዳቤ ሳይጨርስ መመዝገብ የለበትም።

የውጭ ስኮላርሽፖች ሁሉ «ሙሉ» ይባላሉ፤ ሙላታቸው ግን ይለያያል። የአውሮፓ ኅብረቱ ኢራስመስ ሙንዱስ በወር 1,400 ዩሮ እስከ 24 ወር ይሰጣል፤ ነገር ግን ጉዞውም ቪዛውም ኑሮውም በዚሁ ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ለትኬትና ለመጀመሪያው የቤት ኪራይ ቀድሞ የሚያዝ ገንዘብ ያስፈልጋል። የሃንጋሪው ስቲፔንዲየም ሁንጋሪኩም የትምህርት ክፍያን ያነሳል፤ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ የወር አበሉ ግን 43,700 ፎሪንት ብቻ ስለሆነ ቡዳፔስት ላይ ለኑሮ አይበቃም። የቻይና መንግሥት ለሁለተኛ ዲግሪ በወር 3,000 ዩዋንና ማደሪያ ይሰጣል፣ ዕድሜ ከ35 በታች ይጠይቃል። የጀርመኑ የአካዳሚክ ልውውጥ ተቋም ዳአድ (DAAD) ከልማት ጋር ለተያያዙ ትምህርቶች የሚሰጠው ስኮላርሽፕ ቢያንስ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይፈልጋል፤ የመጨረሻው ዲግሪ ከተገኘም በመርህ ደረጃ ከ6 ዓመት ማለፍ የለበትም። በመንገድ ወይም በውሃ ፕሮጀክት ለሠራ የወሎ መሐንዲስ ይህኛው በጣም የሚመጥን ነው፤ ሰው ግን «ልምዴ ትንሽ ነው» እያለ ሳያመለክት ስድስቱ ዓመት ያልፍበታል።

በአሜሪካ ነገሩ ሌላ ነው። ያለ ምርምር በኮርስ ብቻ የሚጠናቀቅ ማስተርስ ገንዘብ የሚያገኘው በጥቂቱ ነው፤ በደንብ የሚደገፈው ዶክትሬት ነው፣ በመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ የሚቀበሉ የምህንድስና ክፍሎችም ብዙ ናቸው። የማስተማር ረዳት ደብተር ያርማል፣ ላብራቶሪ ይመራል፤ ገንዘቡ ከትምህርት ክፍሉ ነው። የምርምር ረዳት በፕሮፌሰሩ ፕሮጀክት ይከፈለዋል፤ ሥራው ራሱ የመመረቂያ ጽሑፉ ሊሆን ስለሚችል ጊዜ ይቆጥባል፣ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ግን ገንዘቡም ያልቃል። ኤፍ-1 የሚባለው የተማሪ ቪዛ በትምህርት ወቅት በግቢ ውስጥ በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ መሥራት ስለማይፈቅድና የረዳትነቱ ሥራ ብዙውን ጊዜ ይህን ሁሉ ስለሚወስድ፣ ጉድለትን በተጨማሪ ሥራ መሙላት አይታሰብም። ስለዚህ አበሉ የ9 ወር ነው የ12? የተማሪ ልዩ ልዩ ክፍያዎችንና የጤና መድንን ይሸፍናል? ለስንት ዓመት ዋስትና አለው? ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። የአሜሪካ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቶች ምክር ቤትን ስምምነት የፈረሙ ዩኒቨርሲቲዎች ላቀረቡላችሁ የገንዘብ ድጋፍ ከኤፕሪል 15 በፊት መልስ እንድትሰጡ አያስገድዱም፤ ሌላ መልስ እየጠበቀ ያለ ሰው ይህን ይጠቀምበት።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የማመልከቻና የእንግሊዝኛ ፈተና ክፍያ በብር በእጅጉ ጨምሯል። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች እንዲነሳለት ለጠየቀ ሰው የማመልከቻ ክፍያውን ያነሳሉ፤ የጥያቄው ደብዳቤ መጻፍ ያለበት ከማመልከቻው በፊት ነው።

ወረቀቱም ጊዜ ይበላል። የወጪ መጋራት ዕዳው ሳይጠራ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት አይወጣም፤ ለውጭ ጉዳይ ማረጋገጫና ለቋንቋ ፈተና ደግሞ ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ አዲስ አበባ መሄድ ሊያስፈልግ ይችላል። የስም አጻጻፍም ይታይ፦ «መሐመድ» በፓስፖርቱ ላይ በላቲን ፊደል መሃሉ ላይ በአንድ «ኤም» (Mohamed)፣ በዲግሪው ላይ በሁለት (Mohammed) ከሆነ ቪዛ ላይ ጥያቄ ያስነሳል። ማስተካከያው ወራት ሊፈጅ ስለሚችል ማመልከቻው ከመላኩ በፊት ይጀመር። በስፖንሰር ውል ላይ እያለ የውጭ ዕድል ያገኘም የአገልግሎት ግዴታው ለሌላ ጊዜ እንዲተላለፍለት ቀድሞ በጽሑፍ ይጠይቅ፤ ሳያሳውቅ ከሄደ ክሱ የሚመጣው እዚህ በቀረው ዋሱ ላይ ነው።