ድፎ ዳቦ፣ ቄጤማና አደይ አበባ፦ የበዓል ቤት ዝግጅት በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎችና ከተሞች አንድ ቤት በዓል መያዙ የሚታወቀው ገና ከደጃፉ ነው። ወለሉ ላይ ለምለም ቄጤማ ተጎዝጉዟል፣ ከመሶቡ አጠገብ ድፎ ዳቦ ተቀምጧል፣ በረከቦቱ ዙሪያ ፈንዲሻ ተበትኗል፣ ከማጨሻው የዕጣን ጢስ ይወጣል። መሶቡና ሲኒው ከዓመት ዓመት የሚቆዩ የቤት ዕቃዎች ሲሆኑ የቀረው ሁሉ በዚያው ሰሞን፣ አብዛኛውም በዋዜማው ሌሊት፣ በቤተሰቡ እጅ የሚሰናዳ ነው። ዳቦው ይበላል፣ ቄጤማው ሲደርቅ ይጠረጋል፣ አበባው ይጠወልጋል፤ ለከርሞ ተጠቅልሎ የሚቀመጥ ጌጥ በዚህ ልማድ ውስጥ እምብዛም የለም። የዝግጅቱ ዕውቀት ግን ከእናት ወደ ልጅ፣ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት የሚተላለፍ ራሱን የቻለ የእጅ ሙያ ነው።

ከዚህ ሁሉ መሃል ዓይን የሚስበው ድፎው ነው። በአማርኛ እንጀራ ይጋገራል፣ እንዲህ ያለው ትልቅ ዳቦ ግን «ይደፋል» ይባላል፤ ድፎ የሚለውም ስያሜ ከዚሁ ግስ ጋር የተዛመደ ነው። ከስንዴ ዱቄት የሚዘጋጅ፣ በኮባ ቅጠል ተሸፍኖ የሚበስል፣ ክብና ወፍራም የሆነ ትልቅ ዳቦ ሲሆን ለእንቁጣጣሽ፣ ለገና፣ ለጥምቀትና ለፋሲካ እንዲሁም ለክርስትናና ለሠርግ ይደፋል። ቤተሰቡ ብዙ እንግዳ የሚጠብቅ ከሆነ ሦስትና አራት ኪሎ ዱቄት የሚፈጅ ድፎ መድፋት የተለመደ ነው፤ ትንሽ ድፎ ለበዓል ማቅረብን የሚያፍሩ እናቶችም አሉ።

ሊጡ የሚቦካው ከዋዜማው ቀን ከሰዓት በኋላ ጀምሮ ነው። ለ1 ኪሎ ዱቄት ከ600 እስከ 700 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውሃ ይበቃል፤ ሊጡ ከተራ የዳቦ ሊጥ ለስለስ ማለት አለበት፣ ደረቅ ከሆነ ዳቦው ይሰነጠቃል። ቀድሞ ከሰነበተ ሊጥ የተቀመጠ እርሾ ብቻ ይጨመር ነበር፤ አሁን በሱቅ የሚሸጠው ደረቅ እርሾ አብዛኛውን ቦታ ይዟል፣ ሁለቱን አዋሕደው የሚጠቀሙም አሉ። የድፎን ጣዕም ከሌላው ዳቦ የሚለየው ቅመሙ ነው፦ ጥቁር አዝሙድ ሳይፈጭ፣ ነጭ አዝሙድና ድንብላል ደቀቅ ተደርገው፣ አንዳንድ ቤት ኮረሪማም ታክሎበት ከዱቄቱ ጋር ይደባለቃል። ከታሸ በኋላ ተሸፍኖ ሞቅ ያለ ቦታ ይቀመጥና ኩፍ እስኪል ይጠበቃል። በዚህ ጊዜ የሚቸኩል ሰው ዋጋውን የሚያገኘው ሲቆረስ ነው፤ በቅጡ ኩፍ ያላለ ሊጥ ከውጭ አምሮ ከውስጥ ሊጥ ሊጥ ይላል።

ሊጡ ኩፍ እስኪል ኮባው ይዘጋጃል። ኮባ የእንሰት ተክል ቅጠል ነው። በደቡብና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ እንሰት ቆጮና ቡላ የሚገኝበት ዋና የምግብ ተክል ሲሆን በሰሜኑ ግን ብዙ ሰው በጓሮው የሚተክለው ለቅጠሉ ሲል ነው፣ ቅጠሉም በአመዛኙ የሚፈለገው ለዳቦ ነው። ከተሜው ከገበያ ይገዛዋል፤ በበዓል ዋዜማ ኮባ ጠቅልለው የሚሸጡ ሰዎች በየመንገዱ ዳር ይታያሉ። ቅጠሉ በእርጥብ ጨርቅ ከአቧራው ይጠረግና የመሃል አጥንቱ በቢላዋ ይላጋል፤ ከዚያ እሳት ላይ ለብለብ ይደረጋል። ለብለብ ሲል ደማቅ አረንጓዴው ይጠቁራል፣ ላዩ ያብለጨልጫል፣ ቅጠሉም እንደ ጨርቅ ይታጠፋል። ያልተለበለበ ኮባ ገና ሲነካ ይተረተራል፣ ሊጡም በተተረተረበት በኩል ሾልኮ ምጣዱን ይይዛል። በመቀጠል ቅጠሎቹ አንዱ በሌላው ላይ ተደራርበው ጫፋቸው ከምጣዱ ውጭ እስኪንጠለጠል ይነጠፋሉ፣ ሊጡ ይገለበጥባቸዋል፣ የተንጠለጠለውም ጫፍ ወደ ውስጥ እየታጠፈ ላዩን ይሸፍነዋል፤ መሃሉ ከቀረ ሌላ ቅጠል ይደረብበታል።

ኮባው ለጌጥ ብቻ የሚደረግ የሚመስላቸው አሉ፤ ይህ ስሕተት ነው። ቅጠሉ የሊጡን እርጥበት ይዞ ያቆያል፣ ዳቦው ከምጣዱ ጋር እንዳይጣበቅና ቅርፊቱ እንዳይከር ይከላከላል፣ ሲሞቅም የራሱን መዓዛ ለዳቦው ይሰጣል። በአሉሚኒየም ፎይል የተደፋ ዳቦ ይበስላል፣ ያጠግባልም፤ ድፎ የሚያሰኘው ሽታና ላይ ላዩን የሚታየው መልክ ግን አይኖረውም።

አበሳሰሉ ሁለት እሳት ይፈልጋል። በባህላዊው መንገድ ምጣዱ በምድጃ ላይ ይጣዳል፣ በላዩ ሌላ ምጣድ ወይም ቆርቆሮ ይከደንበታል፣ በክዳኑም ላይ ፍም ይደረጋል። በሁለት በኩል የተጨነቀ ሰው «እንደ ድፎ ዳቦ ከላይም ከታችም እሳት ነደደብኝ» የሚለው ይህን ይዞ ነው። ታችኛው እሳት ከበረታ ሥሩ ያራል፣ ላይኛው ከበረታ ፊቱ ይጠቁራል፤ ስለዚህ ደፊዋ ፍሙን እየቀነሰችና እየጨመረች ከአጠገቡ ሳትርቅ ታመሻለች። በኦቨን ለሚደፋ የ3 ኪሎ ዳቦ 180 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ከ1 ሰዓት በላይ ያስፈልጋል። መብሰሉ የሚታወቀው በስንጥር ነው፦ መሃሉ ላይ ተወግቶ ሲወጣ ሊጥ ካልያዘ በስሏል። ከእሳት የወጣው ድፎ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ ያድራል፤ በትኩሱ የተቆረጠ እንደሆነ ቢላዋው ሊጡን እየጎተተ መልኩን ያበላሸዋል።

ኮባው የሚገለጠው ጠዋት ነው፣ የዳቦው ውበትም ያን ጊዜ ይታያል። ቅጠሉ ቡናማ ሆኖ ደርቋል፤ ጫፉን ይዘው ቀስ ብለው ሲስቡት ከዳቦው ላይ እንደ ወረቀት እየተላቀቀ ይመጣል፣ የቅጠሉም ሥሮች ጎን ለጎን የተሰመሩ ቀጫጭን መስመሮች ሆነው በወርቃማው ቅርፊት ላይ ታትመው ይቀራሉ። ቅጠሎቹ የተደራረቡበት ቦታ ከሌላው ፈዘዝ ይላል፣ መስመሮቹም በዚያ በኩል ይሻገራሉ። ይህን ጥለት ማንም በእጁ አልሣለውም፤ ሁለት ድፎም አንድ ዓይነት መልክ ኖሯቸው አያውቁም። በብዙ ቤት ጸሎት ይደረግና አባወራው ወይም በቤቱ የተገኘ ካህን ባርኮ ይቆርሰዋል፤ ከዚያ በፊት ከድፎው ጫፍ መቅመስ ነውር ነው።

ሌሎቹም የበዓል ዳቦዎች የየራሳቸው መልክ አላቸው። ነሐሴ 13 ቀን በሚከበረው ቡሄ እናቶች ሙልሙል ይጋግራሉ፤ ሞላላና ትንንሽ ሆኖ ተዘጋጅቶ ሆያ ሆዬ እያሉ በየደጁ ለሚዞሩ ልጆች ይሰጣል። አምባሻ ደግሞ፣ በተለይ በትግራይ ሕምባሻ የሚባለው፣ ሊጡ ምጣድ ላይ ሳለ በቢላዋ ወይም በጣት የሚጌጥ ዳቦ ነው፦ ከመሃሉ ወደ ዳሩ እንደ መንኮራኩር የተከፋፈሉ መስመሮች ይወጡለታል፣ ጠርዙ በጥርስ መሰል ቁርጥ ይዋባል፣ በየክፍሉም ነጠብጣብና ሰረዝ ይገባበታል። የድፎን ጌጥ ቅጠል ይሠራዋል፤ የአምባሻው ግን የጋጋሪዋ የራሷ ነው፣ ጥበቧንም ጎረቤት ከሩቅ ያውቀዋል።

ወለሉን የሚሸፍነው ቄጤማ ረግረጋማ ቦታ የሚበቅል ረጅም ለስላሳ ሣር ነው። በእስር ከተገዛ በኋላ ጭቃ የያዘው ሥሩ ይቆረጣል፣ ደረቁ ተለቅሞ ይጣላል፣ ቀሪው ውሃ እየተረጨበት ሳስቶ ይጎዘጎዛል። በሚረገጥበት ጊዜ የሚወጣው እርጥብ ሽታ ከቡናና ከዕጣን ጢስ ጋር ተቀላቅሎ ብዙ ሰው «የበዓል ሽታ» የሚለውን ይፈጥራል። በሊሾ ወይም በሴራሚክ ወለል ላይ ወፍራም አድርጎ መጎዝጎዝ ያንሸራትታልና አረጋውያን ባሉበት ቤት ሳሳ ተደርጎ መጎዝጎዝ ይኖርበታል። ቄጤማ በፋሲካ ዋዜማ ሌላ ትርጉምም አለው፦ በቀዳም ሥዑር ካህናት ለምእመናን ቄጤማ ያድላሉ፣ ምእመናኑም በራሳቸው ላይ ያስሩታል፤ ርግብ ለኖኅ ካመጣችው ለምለም ቅጠል ጋር ተያይዞ ይተረጎማል። ከፋሲካ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ በሆሳዕና ዘንባባ በቀለበት፣ በመስቀልና በራስ ማሰሪያ መልክ ይታታል፤ ሕፃናት የሚማሩት የመጀመሪያ የእጅ ሥራ ብዙ ጊዜ ይህ የዘንባባ ቀለበት ነው።

አደይ አበባ የመስከረም ብቻ ነው። በሳይንሳዊ ስሙ ቢደንስ ማክሮፕቴራ የተባለው ይህ ቢጫ አበባ ክረምቱ ሲወጣ ሜዳውን ይሸፍንና ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ይረግፋል፤ ስለዚህ ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል እንጂ ለሌላ በዓል አይደርስም። ልጃገረዶች ከለምለም ሣር ጋር አስረው አበባዬሆሽ እያሉ በየቤቱ ይዞራሉ፣ የደመራው እንጨትም በእሱ ያጌጣል። በጎጃም ልጃገረዶች በዘመን መለወጫ ዋዜማ ወጥተው እንግጫ ይነቅላሉ፤ ይህን ሣር ከአደይ ጋር ጎንጉነው በቤተሰባቸው ራስና በቤቱ ምሰሶ ላይ ያስሩታል። ወንዶች ልጆች ደግሞ አበባ፣ ፀሐይና መላእክት በወረቀት ላይ በቀለም ሥለው መስከረም 1 ቀን ማለዳ ለጎረቤት ይሰጣሉ፣ ሳንቲምም ይቀበላሉ። አሁን አሁን በማተሚያ ቤት የታተሙ ሥዕሎችን ገዝቶ ማደል በዝቷል። ቀለሙ ያፈነገጠው፣ የመልአኩ አንድ ክንፍ ከሌላው የረዘመው የልጅ ሥዕል ግን በግድግዳ ላይ ከታተመው ይልቅ ዓመቱን ሙሉ ሲያስደስት ይኖራል።

የማዕዱ መሃል መሶብ ነው። ከስንደዶና ከአክርማ ተሰፍቶ፣ አለላ በሚባለው ቀለም በተነከረ ሣር የሚዋበው ይህ ዕቃ ክዳኑ ሲነሣ በእንጀራው ላይ የሚወጣው ዶሮ ወጥ ይታያል፤ በልማዱ ዶሮው በ12 ብልት ይገነጠላል፣ የተቀቀለ እንቁላልም አብሮት ይቀርባል። ከምግቡ በኋላ የሚፈላው ቡና ያለ ፈንዲሻ ሙሉ አይሆንም። ፈንዲሻው በሰፌድ ቀርቦ ይበላል፣ ጥቂቱም ቄጤማው ላይ ይበተናል፤ ነጩ በአረንጓዴው ላይ አበባ መስሎ ይታያል።

በሐረር ከተማ ነባር ቤቶች ጌጡ ወደ ግድግዳ ይወጣል። በሴቶች የተሰፉ ባለ ቀለም ስፌቶችና ጎድጓዳ ሳህኖች በተርታ ይሰቀላሉ፣ ዒድ ሲደርስም ቤቱ ይጸዳል፣ ይታደሳል። የገና ዛፍ በአንጻሩ የከተማ ልማድ ነው፤ ታኅሣሥ 29 ለሚውለው ገና የጥድ ቅርንጫፍ ቆርጦ ማስገባት በአዲስ አበባ ታይቷል፣ ዛሬ በብዛት የሚገኘው ግን የፕላስቲክ ነው።

ከአገር ውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ዝግጅቱን ባገኙት ዕቃ አስማምተውታል። በዋሽንግተን አካባቢ ኮባ ለማግኘት አስቸጋሪ በመሆኑ በእስያና በላቲን አሜሪካ ሸቀጣ ሸቀጥ መደብሮች የሚሸጠው በረዶ የሆነ የሙዝ ቅጠል ይተካዋል። የሙዝ ቅጠል ከኮባ ይሳሳል፣ ከበረዶው ሲላቀቅም ቶሎ ይተረተራል፤ ስለዚህ በሁለት ድርብ መንጠፍ ይሻላል፣ በእሳት ላይ ለብለብ ማድረጉም እዚያም አይቀርም። የጭስ ማስጠንቀቂያ ባለበት አፓርታማ ከሰሉ በኤሌክትሪክ ማጨሻ ይለወጣል፣ ቄጤማውም በሌላ አረንጓዴ ሣር ወይም በፕላስቲክ ምንጣፍ። በእስራኤል ያሉ ቤተ እስራኤላውያን ደግሞ ዳቦን ከኢትዮጵያ ይዘውት የሄዱት የሰንበት ማዕዳቸው ዋና ነገር አድርገው ነው። ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሕግ ብሔራዊ በዓል በሆነው ሲግድ፣ ከዮም ኪፑር 50 ቀን በኋላ፣ ቀሳውስቱ ጸሎቱን ሲፈጽሙና ጾሙ ሲፈታ የሚቆረሰው ይኸው ዳቦ ነው።