ከእስር በኋላ፦ ስለ ሱስ፣ ስለ ቁስልና ስለ እምነት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በቃሊቲ ወይም በቂሊንጦ የእስር ጊዜውን ጨርሶ ወደ ፒያሳ፣ ወደ ልደታ ወይም ወደ ቂርቆስ የሚመለስ ሰው፣ ብዙ ጊዜ እዚያው የበረታ እምነትና እዚያው ያልዳነ ቁስል አብረው ይዞ ይወጣል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 21 በጥበቃ ሥር ያሉ ሰዎች በሃይማኖት አማካሪዎቻቸው እንዲጎበኙ ስለሚፈቅድ፣ ካህናትና ወንጌላውያን ግቢው ድረስ እየሄዱ ያስተምራሉ፤ ለዓመታት የተወውን ጸሎት እዚያ የሚጀምርም ብዙ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው የምንቀበል እኛ ግን ከበሩ ውጪ በተሳሳተ ግምታችን የምንጭንበት ሸክም ቀላል አይደለም።

«ዓመታት ሳይቀምስ ቆይቷል፤ ሱሱ ለቆታል»

መጠጡ ስላልተገኘ መተውና መጠጡ አጠገብ ሆኖ መተው የተለያዩ ናቸው። ከዚህም በላይ፣ ረጅም ጊዜ ያልጠጣ ሰውነት የቀድሞውን መጠን የመቋቋም አቅሙን ያጣል። በአሜሪካ የዋሽንግተን ግዛት ከእስር የተፈቱ ከ30 ሺሕ በላይ ሰዎችን የተከታተለና እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት፣ በተፈቱ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የመሞት ዕድላቸው ከሌላው ነዋሪ 12.7 እጥፍ እንደነበር አሳይቷል፤ ዋነኛው ምክንያት ከመጠን ያለፈ ዕጽ መውሰድ ነበር። የእኛ ሰው ችግር በአብዛኛው አረቄና ጫት ስለሆነ ቁጥሩን እንዳለ ወደዚህ ማምጣት አይቻልም። ሆኖም «እንኳን ለቤትህ አበቃህ» ብለው መለኪያ የሚያቀብሉ ዘመዶች፣ በፍቅር እያደረጉት ያለው ነገር ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ሊያውቁት ይገባል።

«በእውነት ካመነ ሐራራው በአንድ ቀን ይጠፋለታል»

ከተጸለየላቸው ቀን ጀምሮ ጫትም አረቄም ያላሰኛቸው ሰዎች አሉ፤ ምስክርነታቸውን አልጠራጠርም፣ ስለ እነርሱም እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ። ይህን የእምነት ሁሉ መለኪያ ማድረግ ግን ሐራራው ያልለቀቀውን ወንድም «እምነቴ ሐሰት ነበር» ወደሚል ተስፋ መቁረጥ ይገፋዋል። ሱስ አንጎል ደስታን የሚመዘግብበትንና የሚያስታውስበትን መንገድ ስለሚለውጥ፣ ጉጉቱ ቦታን፣ ሰውንና ሰዓትን እየተከተለ ይቀሰቀሳል። የጫት ሰዓት የታወቀ ነው፤ ምሳ ተበልቶ ስምንት ሰዓት ሲል፣ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለው ጫት በየደጃፉ ሲወጣ፣ ለውዙና ስኳር የበዛበት ሻይ ሲቀርብ፣ ይቅም የነበረ ሰው ሳያስበው ሰውነቱ ያስታውሰዋል፤ ሲመሽ ደግሞ ምርቃናውን፣ ማለትም የጫቱን ንቃት፣ ለመስበር ጨብሲ የሚባለው መጠጥ ይከተላል። ቅዳሴው በአብዛኛው ጠዋት፣ ጉባኤው ከሥራ በኋላ ስለሆነ፣ ከስምንት እስከ አሥራ አንድ ባለው ሰዓት አዲሱ አማኝ ብቻውን ነው። በጾም ወራት ቅዳሴው ወደ ቀን ስለሚሻገር ክፍተቱ ይጠብባል፤ በሌላው ጊዜ ግን በዚያ ሰዓት የሚሠራው ሥራ ወይም የሚደውልለት ወንድም ከማንኛውም ተግሣጽ ይልቅ ይጠቅመዋል።

ዱካክም እዚህ ላይ ይነሣል። ጫት ያቆመ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች አንዳች ነገር ላዩ ላይ የተጫነበት እስኪመስለው ድረስ ይቃዣል። ይህ ሐኪሞች የሚያውቁት የማቆም ምልክት ነው፤ ጊዜውን ጠብቆ ያልፋል። ያንን ሳያስረዱ «መንፈስ አለብህ» ቢሉት ግን፣ ከቅዠቱ ለማምለጥ ወደ ጫቱ ይመለሳል። ቤተ ክርስቲያን ሰኔ 24 የምታስበው አባ ሙሴ ጸሊም እንኳ ሽፍታ የነበረ ሰው ነው፤ ከመነኰሰም በኋላ ከቀድሞ ፈተናው ጋር ሲታገል ኖሯል። ታሪኩ እንደሚለው መምህሩ አባ ኢሲዶሮስ ጎሕ ሲቀድ ጣራ ላይ አውጥቶ፣ ብርሃኑ ጨለማውን የሚገፈው ጥቂት በጥቂት መሆኑን አሳይቶታል። እንግዲህ በወደቀ ማግስት ወደ ንስሐ አባቱ ወይም ወደ መጋቢው የሚመጣ ሰው እምነቱን የካደ ሳይሆን እምነቱን እየተጠቀመበት ያለ ሰው ነው።

«ጸበል የጀመረ ወይም የተጸለየለት ሰው ሐኪም ዘንድ አይሄድም»

ይህ አመለካከት ሕይወት ያጠፋል። በየቀኑ አረቄ ሲጠጣ የኖረ ሰው ድንገት ሲያቆም በሰዓታት ውስጥ መንቀጥቀጥ፣ በሁለት ቀን ውስጥ እንደ ሚጥል በሽታ ያለ መንፈራገጥ፣ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ደግሞ ለሞት ሊያደርስ የሚችል መቃዠትና መደናገር ሊገጥመው ይችላል። ስለዚህ ማቆሙ በሐኪም ክትትል ይሁን፤ በመሐል ከተማ ላለ ሰው የአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ሩቅ አይደለም። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን እግዚአብሔር እንደፈጠረውና ልናከብረው እንደሚገባ ያስተምራል፤ ሲራክን ለማይቀበሉ ወገኖችም ወንጌላዊው ሉቃስ ራሱ ሐኪም ነበር። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤችአይቪ መድኃኒትና ጸበል እንደማይቃረኑ በግልጽ ተናግረዋል፤ ያው ትምህርት እዚህም ይሠራል።

«ንስሐ ገብቷል፤ ያለፈው ሊያስጨንቀው አይገባም»

ኃጢአት ይሰረያል፤ በሰው ላይ የደረሰ ግፍ ግን በሰውነቱ ውስጥ ይቀራል። ሌሊት በእስር ቤቱ የእስረኛ ቆጠራ ሰዓት የሚነቃ፣ በር ሲንኳኳ የሚደነግጥ፣ ሠርግ ቤት ውስጥ እንኳ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ በሩን እያየ የሚቀመጥ ሰው እምነት ጎድሎት አይደለም። ብዙዎች መጠጥ የጀመሩትም ከእስሩ በፊት የደረሰባቸውን ድብደባ ወይም መደፈር ረስተው ለመተኛት ነው፤ በተለይ ሴቶች ይህን ለማንም ሳይናገሩ ይኖራሉ። ዮሴፍ ከግዞት ወጥቶ በግብፅ ላይ ተሾሞ እንኳ፣ ወንድሞቹን ባየ ጊዜ ደጋግሞ አልቅሷል። መጽሐፉ በዚህ አልነቀፈውም።

«ምስክርነቱን ቶሎ መድረክ ላይ ይናገር»

አይቸኩል። ሱሱን ካቆመ ገና ወራት የሆነው ሰው በሺሕ ሰው ፊት «ዳንሁ» ካለ በኋላ ቢወድቅ፣ መመለሻ መንገዱን ኀፍረት ይዘጋበታል።

«ከሰፈሩ ከራቀ ይበቃል»

መራቁ ይረዳል። ነገር ግን የፒያሳው ዶሮ ማነቂያ ሰፈር በፈረሰ ጊዜ አንዳንዱ የመጠጥ ጓደኛውን ብቻ ሳይሆን ዕድሩንና ያሳደጉትን እናቶችም አጥቷል። አዲስ በሄደበት ሰፈር በስሙ የሚጠራው ሰው ከሌለ፣ መጠጥ ቤቱ ቀድሞ ያገኘዋል። የአጥቢያው ምእመናን ከሁሉ አስቀድመው ሊያደርጉ የሚገባቸው ዕድር ማስገባትና ሥራ ሲያገኝ ዋስ መሆን ነው።

«የወንጀል መዝገቡ እስከ ዕለተ ሞቱ ይከተለዋል»

በ1996ቱ የወንጀል ሕግ መሠረት፣ ፍርዱን ከፈጸመ በኋላ ሕጉ የሚጠይቀውን ጊዜ በመልካም ጠባይ ያሳለፈና የተፈረደበትን ካሳ የከፈለ ሰው፣ ጥፋቱ ከመዝገብ እንዲሰረዝለት ለፍርድ ቤት ማመልከት ይችላል። ይህን የሚያውቁ ከእስር የተፈቱ ሰዎች ጥቂት ናቸው፤ ማመልከቻውን በነጻ ሊጽፍለት የሚችል ጠበቃ ግን እሑድ እሑድ አብሮት ከሚያስቀድሰው ሕዝብ መካከል ሊገኝ ይችላል።