ሌሊት ባስ ማጥመድ፦ ዓሣው፣ አውሬውና ውኃው

ባስ የሰሜን አሜሪካ ሐይቆችና ወንዞች አዳኝ ዓሣ ነው። ትንንሽ ዓሦችን፣ ክሬይፊሽ የሚባል ባለ መቆንጠጫ ትንሽ የውኃ እንስሳን፣ እንቁራሪትን፣ አንዳንዴም ውኃ ውስጥ የገባ አይጥ ሳይቀር ይውጣል። አጥማጆች አጥብቀው የሚፈልጓቸው ሁለት ዓይነቶች ናቸው። አንዱ የአፉ ጥግ ከዓይኑ አልፎ የሚሄደው ላርጅማውዝ ነው። ሌላው ቀዝቀዝ ያለና ድንጋያማ ውኃ የሚወደው ስሞልማውዝ ነው። ሁለቱም ቀን ይያዛሉ። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባለው የሙቀት ወቅት ግን ልምድ ያላቸው ብዙ አጥማጆች ጀልባቸውን ወደ ውኃ የሚያወርዱት ፀሐይ ስትጠልቅ ነው።

ባስ ከትውልድ ቦታው ወጥቶ ሩቅ አገር ደርሷል። ወደ ጃፓን እ.ኤ.አ. በ1925 ገብቶ አሺ ሐይቅ ውስጥ ተለቀቀ። በ1920ዎቹ ደግሞ በኬንያው ናይቫሻ ሐይቅ ተለቀቀ። የዓለም ክብረ ወሰኑም አህጉር ተሻግሯል። ጆርጅ ፔሪ ጁን 2 ቀን 1932 በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት አሥር ኪሎ ያለፈ ላርጅማውዝ ያዘ። ማናቡ ኩሪታ ጁላይ 2 ቀን 2009 በጃፓኑ ቢዋ ሐይቅ ያን የሚያህል አወጣ። ልዩነታቸው 30 ግራም እንኳ ስለማይሞላ ክብረ ወሰኑን ሁለቱ ይጋሩታል።

ጨለማው ለምን ይመቻል

በሙቀት ወራት የሐይቁ የላይኛው ውኃ ከ27 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ይሞቃል። ቀኑን ሙሉ በፈጣን ጀልባና በዋናተኛ ሲታመስ ይውላል። ውኃው ጥርት ያለ ከሆነ ደግሞ ባሱ ክሩንም ጀልባውንም ስለሚያይ ይጠነቀቃል። ሲመሽ ጀልባው ይቀንሳል። ክሬይፊሽ ከድንጋይ ሥር ይወጣል። ባስም ቀን ከዋለበት ጥልቀት ተነስቶ ሊበላ ወደ ዳር ይጠጋል።

ስለዚህ የሌሊት ባስ ልማድ ሥር የሰደደው ውኃቸው ጥርት ባለ ሰው ሠራሽ ሐይቆች ላይ ነው። በቴነሲና በኬንታኪ ድንበር ያለው ዴል ሆሎው ግድቡ ያለቀው በ1943 ነው። በአርካንሳስና በሚዙሪ መካከል ያለው የቡል ሾልስ ግድብ በ1951፣ የቴብል ሮክ ደግሞ በ1958 ተጠናቀቀ። ሁሉም ተራራማ ሸለቆ በውኃ ተሞልቶ የተፈጠሩ ጥልቅ ሐይቆች ናቸው። እስከ ዛሬ ያልተሰበረው የስሞልማውዝ ክብረ ወሰን፣ 5.4 ኪሎ ገደማ፣ በ1955 የተያዘው በዴል ሆሎው ነው።

ባስ በጨለማ እንዴት ያድናል? ከጭንቅላቱ እስከ ጭራው በጎኑ የሚሄድ የስሜት መስመር አለው። በዚህ መስመር የውኃውን ትንሽ ንዝረት ያውቃል። ዓይኑም በደካማ ብርሃን ይሠራል። ከታች ወደ ላይ ሲያይ፣ ከሌሊቱ ሰማይ ጋር ሲነጻጸር ጎልቶ የሚታየው ጥቁር ነገር ነው። የሌሊት አጥማጆች ነጭ ወይም የሚያብለጨልጭ ማባበያ (ዓሣውን የሚያታልል ሰው ሠራሽ ምግብ) ትተው ጥቁር፣ ሰማያዊና ወይን ጠጅ የሚመርጡት ለዚህ ነው። ብዙዎች የሚይዙት ኮሎራዶ የሚባል ክብና ሰፊ ብረት የተንጠለጠለበትን ስፒነርቤት ነው። ብረቱ ሲዞር የሚፈጥረው ንዝረት በእጅ ሳይቀር ይሰማል። ረጅም የፕላስቲክ ትልና ጂግ የሚባለው፣ ክብደት ያለው ባለ መንጠቆ ማባበያም ይሠራሉ። ዋናው ነገር ቀስ ብሎና ፍጥነት ሳይቀያይሩ መሳብ ነው። ባሱ ማባበያው ወዴት እንደሚሄድ መገመት አለበት፤ ካልቻለ ስቶት ያልፋል።

በጀልባው ጎን የሚለጠፈው ጥቁር መብራት ለብቻው ሊወራለት ይገባል። ይህ አልትራቫዮሌት መብራት ለሰው ዓይን ብዙም አይታይም። ፍሎረሰንት የተቀባ የናይሎን ክር ላይ ሲያርፍ ግን ክሩ ከዘንጉ ጫፍ እስከ ውኃው ድረስ ሰማያዊ ሆኖ ይበራል። አጥማጁ ጂጉን ወደ ታች ይለቃል፤ ክሩ ረግቦ ውኃው ላይ ይተኛል። ከዚያ ድንገት የጣት ስፋት ያህል ይዘላል፣ ወይም ወደ ጎን መሄድ ይጀምራል። እጅ ላይ ምንም አልተሰማም። ዓሣው ግን ጂጉን አፉ ውስጥ አስገብቷል። ይህን ያየ ሰው ሌሊትን ለምን እንደሚወዱት ወዲያው ይገባዋል።

ውኃ ላይ እየተንሳፈፈ በሚሳብ ማባበያ ሲያጠምዱ ደግሞ ፍንዳታ የሚመስል ድምፅ ይሰማል። እዚህ ላይ ትዕግስት ያስፈልጋል። ድምፁን ሰምቶ ዘንጉን መመንጨቅ ሳይሆን የዓሣው ክብደት እስኪሰማ መጠበቅ ነው። ባሱ ስቶት ከሆነ ባለ ሦስት ጥርስ መንጠቆው በጨለማ ተወንጭፎ ፊት ላይ ሊመጣ ይችላል። ሌሊትም ቢሆን መነጽር ማድረግ ያስፈለገው ለዚህ ነው፤ ጠቆር ያለው ሳይሆን ነጩ።

ሰው የሚፈራቸው እንስሳት

ሌሊት ውኃ ዳር ሲታሰብ መጀመሪያ የሚመጣው የአውሬ ፍርሃት ነው። ፍርሃቱ መሠረት አለው፣ ቦታውን ግን ብዙ ጊዜ ይስታል። በደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ፣ በተለይ በፍሎሪዳና በሉዊዚያና፣ ባስ ባለበት አሊጌተርም አለ። ይህ የአዞ ዘመድ ይበልጥ የሚንቀሳቀሰው ከምሽት እስከ ንጋት ነው። ባትሪ ሲበራበት ዓይኑ ቀይ ሆኖ ያበራል። ስለዚህ ከመጠጋት በፊት ዳሩን በባትሪ መቃኘት ቀላልና ጠቃሚ ልማድ ነው።

አሊጌተር ሰውን ከመፍራት የሚወጣው ሰው ሲመግበው ነው። በፍሎሪዳ አሊጌተር መመገብ በሕግ የተከለከለ ነው። የዓሣ ሆድ ዕቃና ትርፍራፊ ወደ ውኃ መጣልም ያው መመገብ ነው። መንጠቆ ላይ የሚንፈራገጥ ዓሣም ይጠራዋል። አሊጌተር ዓሣውን ተከትሎ ከመጣ ክሩን ቆርጦ መተው ነው፤ በአንድ ባስ ከእሱ ጋር ጉተታ አይገባም። ውኃ ውስጥ ገብቶ የሚያጠምድ ሰውማ የያዘውን ዓሣ በገመድ ወገቡ ላይ አንጠልጥሎ መሄድ የለበትም። ሰኔና ሐምሌ የእንቁላል ወቅት ስለሆነ እናቲቱ ጎጆዋን ትጠብቃለች። የእፉኝት ዓይነት የእስትንፋስ ድምፅ ከሣሩ ውስጥ ከተሰማ ወደ መጡበት መመለስ ያስፈልጋል።

እዚያው አካባቢ ኮተንማውዝ የሚባል መርዛማ የውኃ እባብ አለ። ሲዋኝ አብዛኛው ሰውነቱ ከውኃው በላይ ይታያል። ሲያስፈራራ አፉን ይከፍትና ነጩን ውስጡን ያሳያል። ብዙ ሰው የሚነደፈው እባቡን ሊይዝ ወይም ሊገድል ሲሞክር ነው። በአሜሪካ በዓመት ከ7,000 እስከ 8,000 ሰው በመርዛማ እባብ ይነደፋል፤ የሚሞተው ወደ 5 ሰው ነው። ቁጥሩ ዝቅ ያለው ሰው ቶሎ ሐኪም ቤት ስለሚደርስ ነው። የተነደፈ ሰው ቀለበቱንና ሰዓቱን አውልቆ፣ ሳይሯሯጥ ወደ ሐኪም ይወሰድ። ቁስሉን መብጣት፣ መርዙን በአፍ መምጠጥ፣ በገመድ ጥብቅ አድርጎ ማሰርና በረዶ ማድረግ ጉዳቱን ያብሱታል።

የሌሊት ወፍ የሚወረወረውን ማባበያ ነፍሳት መስሎት ይከተላል፤ ክሩን መትቶ ሲያልፍ ዓሣ የነካ ይመስላል። አልፎ አልፎ መንጠቆው ይይዘዋል። ያን ጊዜ በባዶ እጅ አይነካም፣ ምክንያቱም የእብድ ውሻ በሽታ ሊኖርበት ይችላል። ወፍራም ጨርቅ ጣል አድርጎበት ክሩን አጠገቡ መቁረጥ ይሻላል። ከነከሰ ወይም ከቧጨረ ቁስሉን በሳሙናና በውኃ 15 ደቂቃ ያህል አጥቦ በዚያው ሌሊት ሐኪም ቤት መሄድ ግድ ነው። ክትባቱ በጊዜ ከተወሰደ ያድናል። የበሽታው ምልክት ከታየ በኋላ ግን የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል።

ቢቨር የሚባለው፣ ውኃ ውስጥ የሚኖር ትልቅ አይጥ መሰል እንስሳ፣ ሰው ሲያይ በጠፍጣፋ ጭራው ውኃውን ይመታል። ድምፁ በጸጥታ ውስጥ ልብ ያስደነግጣል፤ ጀልባ ላይ የቆመ ሰው ዘሎ ሚዛኑን ሊስት ይችላል። ከቢቨሩ ይልቅ አደገኛው ይህ ድንጋጤ ነው። ናይቫሻ ላይ ነገሩ ይለያል። ጉማሬ ሲመሽ ሣር ለመጋጥ ወደ ዳር ይወጣል። በጉማሬና በውኃው መካከል የገባ ሰው ሕይወቱ አደጋ ላይ ነው።

ትንኝን ማንም አይፈራም፤ ግን በሽታ ታመጣለች። የዌስት ናይል ቫይረስ በአሜሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በ1999 በኒው ዮርክ ሲሆን አስተላላፊዋ ከምሽት እስከ ንጋት የምትነክስ ትንኝ ናት። እጅጌ ረጅም ልብስና ዲት የሚባል ነፍሳት ማባረሪያ ያለበት ቅባት ይከላከላሉ። ዲት ፕላስቲክ ስለሚያቀልጥ ማባበያና ክር ያበላሻል፤ በእጅ ጀርባ ቀብቶ መዳፍን መታጠብ ይሻላል።

ዋናው አደጋ

የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ የጀልባ አደጋዎችን በየዓመቱ ይመዘግባል። በአደጋ ከሞቱት አራት ሰዎች ሦስቱ ገደማ የሞቱት ሰጥመው ነው። ከሰጠሙት አሥር ሰዎች ደግሞ ከስምንት በላይ የሚሆኑት ላይፍ ጃኬት (ሰውን የሚያንሳፍፍ ጃኬት) አላደረጉም ነበር። ጃኬቱ ጀልባው ውስጥ ቢኖርም ወንበር ሥር ተቀምጦ አያድንም። ሌሊት ውኃ ውስጥ የወደቀ ሰው የት እንዳለ አይታይም፤ ጓደኛው መብራት እስኪፈልግ ደቂቃዎች ያልፋሉ። ስለዚህ ጃኬቱ ከመነሻ እስከ መመለሻ ሰውነት ላይ መሆን አለበት፣ ፊሽካም ይታሰርበት። ውኃ ሽንት ለመሽናት ጀልባ ጠርዝ ላይ ቆሞ የወደቀ ሰው ጥቂት አይደለም። ዕቃ ይዞ መሄድና እዚያው መጠቀም ነውር የለውም። አልኮል ሚዛንንም ፍርድንም ስለሚነካ ለቤት ይተው።

በጸደይና በመኸር አየሩ ቢሞቅም ውኃው ሊቀዘቅዝ ይችላል። አሠልጣኞች አንድ፣ አሥር፣ አንድ የሚሉት ቀመር አለ። በጣም ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ የወደቀ ሰው ትንፋሹን ለማረጋጋት አንድ ደቂቃ ያህል አለው። እጅና እግሩ የሚታዘዙት አሥር ደቂቃ ያህል ነው። ራሱን ለመሳት ደግሞ አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ብዙዎች የሚሰጥሙት ገና በመጀመሪያው ደቂቃ፣ በድንጋጤ ውኃ ስበው ነው።

ፀሐይ ከጠለቀች እስክትወጣ የጀልባ መብራት ግዴታ ነው፤ በግራ ቀይ፣ በቀኝ አረንጓዴ፣ ከላይ ነጭ። የቆመ ጀልባም ነጩን ማብራት አለበት። አንዳንዱ ነፍሳት እንዳይሰበሰቡበት ብሎ ያጠፋዋል። ይህ ትልቅ ጥፋት ነው፤ ጥቁር መብራቱም የዚያ ምትክ አይሆንም። ቀዩና አረንጓዴው አንድ ላይ ከታዩ ጀልባው በቀጥታ ወደ እኛ እየመጣ ነው። ዓይን ጨለማን የሚለምደው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ወስዶ ነው፣ አንድ ነጭ ብርሃን ደግሞ ያን ሁሉ ያበላሻል። ቋጠሮ ለማሰር ቀይ የግንባር ባትሪ ይበቃል። ሞተሩን ቀስ አድርጎ መንዳት ያስፈልጋል፣ የሰመጠ ግንድ መብራት የለውም። ሹፌሩ ሲወድቅ ሞተሩን የሚያጠፋውን ገመድ ማሰር ከኤፕሪል 2021 ጀምሮ በትንንሽ የሞተር ጀልባዎች ላይ የፌዴራል ሕግ ነው።

ከግድብ በታች ለሚያጠምድ ሰው ሳይረን ማለት ውጣ ማለት ነው። ተርባይኑ ሲከፈት ውኃው በደቂቃዎች ውስጥ ይሞላል። ነጎድጓድ ከተሰማም መውጣት ነው። የግራፋይት ዘንግ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ 30 ደቂቃ ሳይሞላ አይመለሱም።

ዓሣው ሲወጣ

የሌሊት መንጠቆ ጉዳት የሚበዛው ዓሣው ጀልባ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። ባስ በታችኛው ከንፈሩ ይያዛል፤ ባለ ሦስት ጥርስ መንጠቆ አፉ ላይ ካለ ግን አውራ ጣት ከማስገባት በፊት መብራት አብርቶ ማየትና ረጅም ጉጠት መጠቀም ያስፈልጋል። ከባድ ዓሣ በሌላው እጅ ሆዱ ይደገፍ፣ አለዚያ መንጋጋው ይጎዳል። ሙቅ ውኃ ኦክስጅኑ አነስተኛ ነው። ስለዚህ በሙቀት ወራት የሚለቀቅ ባስ ለፎቶ ተብሎ ከውኃ ውጪ መቆየት የለበትም። መንጠቆው ዓይን አጠገብ ወይም ጥልቅ ከገባ እዚያው አይነቀልም። ክሩን ቆርጦ፣ መንጠቆው እንዳይንቀሳቀስ ሸፍኖ ወደ ሐኪም ነው።

የትኛው ሐይቅ ሌሊት ክፍት እንደሆነ የሚወስነው እያንዳንዱ ግዛት ስለሆነ ደንቡን አስቀድሞ ማየት ይገባል። የት እንደሚጠመድና ስንት ሰዓት እንደሚመለሱ ለአንድ የታመነ ሰው መናገርም እንዲሁ። ሰዓቱ ካለፈ ያ ሰው ለማን እንደሚደውል ማወቅ አለበት። በሰላም ሲመለሱም መደወል አይረሳ፣ አለዚያ ፈላጊ ጀልባዎች በጨለማ በከንቱ ይወጣሉ።