የፊጂ ሰቨንስ ራግቢ ብሔራዊ ቡድን

ፊጂ በደቡብ ፓስፊክ የምትገኝ፣ ከ300 በላይ ደሴቶች ያሏት አገር ናት። ሕዝቧ አንድ ሚሊዮን አይሞላም። እስካሁን ያገኘቻቸው የኦሊምፒክ ሜዳሊያዎች በሙሉ ከአንድ ስፖርት የመጡ ናቸው፤ ከሰቨንስ ራግቢ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ሰቨንስ ኳስ በእጅ ተይዞ የሚሮጥበት የራግቢ አጭር ዓይነት ነው፤ በ1883 በስኮትላንዷ ሜልሮዝ ከተማ ተጀመረ። በአንድ ወገን የሚሰለፉት ሰባት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ሜዳው ግን በተለመደው ራግቢ አሥራ አምስት አሥራ አምስት ሆነው የሚጫወቱበት ያው ሰፊ ሜዳ ነው። ጨዋታው ሁለት ጊዜ 7 ደቂቃ ነው። ክፍት ቦታው ብዙ ስለሆነ አንዴ ካመለጠ ሯጭ ጋር መድረስ ከባድ ነው። ፊጂዎች ደግሞ ማምለጥ ያውቁበታል።

ትልቁ ችሎታቸው ኦፍሎድ የሚባለው ቅብብል ነው። ተጫዋቹ ወገቡን ተይዟል፣ እየወደቀ ነው። ሌላ ቡድን ቢሆን ኳሷን አቅፎ ይወድቅ ነበር። ፊጂያዊው ግን ኳሷን በአንድ እጁ ከተከላካዩ ጀርባ አሾልኮ ይለቃታል። ጓደኛውም በሩጫ ደርሶ ይቀበለዋል። ከመንደር ሜዳ ጀምሮ አብሯቸው ያደገ ልማድ ስለሆነ ማንም አሰልጣኝ በአንድ ወር አያስተምረውም። ዝነኛውን የፊጂ ተጫዋች ዋይሳሌ ሴሬቪን በዓለም ያስጠራውም ይኸው ነፃ አጨዋወት ነው። ቡድኑ በ1997 እና በ2005 ሆንግ ኮንግ ላይ የሰቨንስ ዓለም ዋንጫን ሲያነሳ ሴሬቪ ነበረበት። ሦስተኛው ዋንጫ በ2022 ኬፕ ታውን ላይ መጣ።

ችሎታ ብቻውን ግን አይበቃም፤ ሲጋቶካ የሚባለው የአሸዋ ኮረብታም አለ። ተጫዋቾቹ እግራቸው እየሰመጠ፣ በጠራራ ፀሐይ ሽቅብ ይሮጡታል። በ2013 የመጣው እንግሊዛዊው አሰልጣኝ ቤን ራያን ቡድኑን ያጠነከረው እዚያ ላይ ነው። ፌዴሬሽኑ ገንዘብ ስላልነበረው ራያን የመጀመሪያዎቹን ወራት ያለ ደመወዝ ሠርቷል።

በየካቲት 2016 ዊንስተን የተባለው አውሎ ነፋስ አገሪቱን መትቶ 44 ሰዎች ሞቱ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ፣ ሰቨንስ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ሲካተት፣ ፊጂ ሪዮ ላይ ለፍጻሜ ደረሰች። የገጠመቻት ታላቋ ብሪታንያ ናት፤ እስከ 1970 ፊጂን የገዛችው አገር። በዕረፍት ሰዓት ፊጂ 29 ለ 0 ትመራ ነበር። በመጨረሻ 43 ለ 7 ሆነ። የአገሪቱ የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ሜዳሊያ በቀጥታ ወርቅ ሆነ ማለት ነው። አምበሉ ኦሴያ ኮሊኒሳውና ጓደኞቹ ሜዳሊያቸውን ተንበርክከው ተቀበሉ። የእኛዋ አልማዝ አያና የ10 ሺህ ሜትር ክብረ ወሰን የሰበረችው በማግስቱ ነው፤ የፊጂዎችን ደስታ ለመገመት ብዙም አይቸግረንም። አገሪቱ ብሔራዊ በዓል አወጀች፣ ቆየት ብላም ለቡድኑ መታሰቢያ የሰባት ዶላር ኖት አሳተመች።

ወደ ቀጣዩ የቶኪዮ ኦሊምፒክ የተኬደበት መንገድ በኮቪድ ምክንያት አስቸጋሪ ነበር። ተጫዋቾቹ ለወራት ከቤተሰብ ርቀው ከቆዩ በኋላ ወደ ጃፓን የሄዱት የቀዘቀዘ ዓሣ በሚጭን የዕቃ አውሮፕላን ነው። ሆኖም በፍጻሜው ኒውዚላንድን 27 ለ 12 አሸነፉ። ሁለቱንም ወርቅ ያጠለቀ አንድ ተጫዋች ብቻ አለ፤ አምበሉ ጄሪ ቱዋይ። በዋና ከተማዋ ሱቫ አጠገብ ባለ የድሆች ሰፈር ያደገ ልጅ ነው። ፊጂያና የሚባሉት ሴቶችም እዚያው ነሐስ አገኙ፤ ይህ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፣ መዘንጋት ግን አልነበረበትም።

ፓሪስ 2024 ላይ ኮሊኒሳው አሰልጣኝ ሆኖ ተመለሰ። ቡድኑ እስከዚያ ድረስ በኦሊምፒክ 17 ጨዋታ አድርጎ አንድም አልተሸነፈም ነበር። ፈረንሳይ በፍጻሜው አቆመችው። እስከ ዕረፍት 7 ለ 7 ነበሩ፤ ከዕረፍት በኋላ የፈረንሳዩ ኮከብ አንትዋን ዱፖን ተቀይሮ ገባና ጨዋታው 28 ለ 7 አለቀ። የፈረንሳይ ክለቦች በጥሩ ደመወዝ የፊጂን ልጆች በየዓመቱ ይወስዳሉ። ለቤተሰብ እንጀራ ስለሆነ ማንም አይፈርድባቸውም፤ ብሔራዊ ቡድኑ ግን በየጊዜው አዳዲስ ልጆችን ከየመንደሩ ውድድር መፈለግ አለበት።