ከሐዋሳ ወደ ሶዳ ሐይቆቹ፦ አብጃታ፣ ሻላና ጪቱ ለወፍ ተመልካች

ከሐዋሳ በዋናው የአዲስ አበባ መንገድ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ አርሲ ነገሌን አለፍ እንዳሉ በስተግራ የአብጃታ ሻላ ሐይቆች ብሔራዊ ፓርክ በር ይገኛል። ፓርኩ 887 ካሬ ኪሎ ሜትር ሲሆን 482ቱ ውሃ ነው። የሚያስተዳድረው የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ነው። በስተቀኝ የሚቀረው ላንጋኖ ሰው የሚዋኝበት፣ ቡናማ ውሃ ያለው ሐይቅ ነው፤ ሶዲየም ካርቦኔት ከተከማቸባቸው ከሶዳ ሐይቆቹ አይመደብም።

ሐዋሳ ሐይቅም የሚወጣው ወንዝ የለውም፤ ሆኖም ውሃው በመሬት ውስጥ እየሰረገ ስለሚሄድ ሶዳው ብዙም አልተከማቸበትም። አብጃታና ሻላ ግን የመጨረሻ ማረፊያ ናቸው። ወንዞች ከእሳተ ገሞራ ዐለት ያጠቡትን ሶዲየምና ካርቦኔት ይዘው ይገባሉ፣ ፀሐይ ውሃውን ታተናለች፣ ሶዳው ይቀራል። ፒኤቹ (የአሲድነትና የአልካሊነት መለኪያው) 10 ገደማ ስለሚደርስ ውሃው ሲነኩት እንደ ሳሙና ያሟልጫል። ሁለቱ ጎረቤቶች ግን በጥልቀት ፈጽሞ አይገናኙም። ሻላ በእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ላይ የተኛ፣ እስከ 266 ሜትር የሚጠልቅ ሐይቅ ነው፤ ዳርቻው ገደል ስለሆነ ከላይ ሲያዩት ያማረ ቢሆንም ለወፍ ብዙ ቦታ የለውም። አብጃታ ጥልቀቱ ጥቂት ሜትር ብቻ ነው፤ ወፉ የሚፈልገው ደግሞ ይህንኑ ዝርግ ጭቃ ነው።

ፍላሚንጎ ሁለት ዓይነት ነው። ትልቁ ረጅምና ነጣ ያለ ሲሆን፣ መንቆሩ ሮዝ ሆኖ ጫፉ ብቻ ጥቁር ነው። ትንሹ አጠር ያለ፣ ሮዝነቱ የጎላ፣ መንቆሩም ከሩቅ ጥቁር የሚመስል ጥቁር ቀይ ነው። ትልቁ ጭቃውን እያመሰ የነፍሳት እጭና ጥቃቅን ሸርጣን መሰል ፍጥረታትን ይለቅማል፤ ትንሹ ስፒሩሊና የሚባለውን አልጌ ከውሃው ላይ ያጣራል። አልጌው ሲሳሳ ትንሹ ፍላሚንጎ ሌሊቱን ተነስቶ ወደ ሌላ ሐይቅ ይሄዳል። ስለዚህ ባለፈው ሳምንት የተነሳ ፎቶ ለዛሬ ዋስትና አይሆንም፤ በሩ ላይ ያሉትን ስካውቶች (የፓርኩን ጠባቂዎች) መጠየቅ ይሻላል።

የፔሊካኑ ነገር ያሳዝናል። ነጭ ፔሊካኖች በሻላ ደሴት ላይ ይራቡ ነበር፤ ሻላ ለምግብ የሚበቃ ዓሣ ስለሌለው አብጃታ ድረስ እየበረሩ ቆሮሶ ያጠምዱ ነበር። ከዝዋይ ሐይቅ የሚመጣው የቡልቡላ ወንዝ ለመስኖ እየተጠለፈ ሲሳሳ፣ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ደግሞ የሶዳ አሽ ፋብሪካው ውሃ ሲስብ፣ አብጃታ ሸሸ፤ ጨዋማነቱ ከፍ አለና ዓሣው አለቀ። ፔሊካንን በቅርብ ለማየት የመጣ ሰው ዛሬ ዝዋይ ቢሄድ ይሻለዋል።

የውሃው መሸሽ ለጎብኚም የራሱ ጣጣ አለው። የድሮ ካርታ ዳርቻ ብሎ ያሳየው ቦታ ዛሬ ሜዳ ነው። ከሜዳው ቀጥሎ ያለው ነጭ ቅርፊት ደረቅ ይመስላል፤ ከስሩ ግን ለስላሳ ጭቃ ነው። ላንድክሩዘርም ይሰምጥበታል፤ ጎትቶ የሚያወጣ መኪና ደግሞ በቅርብ አይገኝም። መኪናውን ሣር ያለበት ላይ አቁሞ በእግር መሄድ፣ ስካውቱ የረገጠበትን መርገጥ ነው። ወፎቹ አንገታቸውን ቀና አድርገው ወደ አንድ አቅጣጫ መራመድ ከጀመሩ ቀርበዋቸዋል ማለት ነው፤ እዚያው መቆም ይገባል። ለፎቶ ብሎ መንጋ ማስነሳት ነውር ነው፤ ወፎቹ ለመመገብ የሚያስፈልጋቸውን ጉልበት በበረራ ያባክናሉ። ከርቀት ለመለየት 8 በ42 የሚባለው፣ ስምንት እጥፍ አቅርቦ የሚያሳይ የሩቅ መመልከቻ መነጽር ይበቃል፤ በጭቃው ላይ የሚሯሯጡትን ትናንሽ ወፎች ለመለየት ግን ባለ ሦስት እግር ቴሌስኮፕ ያስፈልጋል። እነዚህ ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡት ከጥቅምት እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ይበዛሉ።

ከሐዋሳ ሌሊት 10 ሰዓት ተኩል ላይ መነሳት ያዋጣል። መግቢያው በምሥራቅ በኩል ስለሆነ ጠዋት ፀሐይ ከጀርባ ትሆናለች። ከሰዓት በኋላ ብርሃኑ ዓይን ውስጥ ይገባል፤ ነፋስ ሲነሳም የሶዳው አቧራ ዓይንና ጉሮሮ ያቃጥላል። መኪና የሌለው ሰው በሻሸመኔና በአርሲ ነገሌ በኩል በሚኒባስ እየቀያየረ በሩ ላይ መውረድ ይችላል፤ በእግሩ ግን ሰጎኖቹን፣ የሜዳ ፍየሎቹንና ከርከሮዎቹን አይቶ የሻላን ዕይታ ቢያገኝ ነው፤ አብጃታ ይርቀዋል። የሚጠጣ ውሃ ለአንድ ሰው ቢያንስ 3 ሊትር ይያዝ። ከሻላ ዳር የሚፈልቀው ፍል ውሃ በቆሎ ይቀቅላል፤ ዙሪያው ያለው ቅርፊት ስስ ስለሆነ ልጆችን አጥብቆ መያዝ ያስፈልጋል።

ጪቱ በሻላ ደቡብ ዳርቻ ያለች፣ ጉድጓድ ውስጥ የተኛች ትንሽ አረንጓዴ ሐይቅ ናት። ስፒሩሊናዋ ወፍራም በመሆኑ አብጃታ ላይ የጠፋው ትንሹ ፍላሚንጎ ብዙ ጊዜ እዚህ ይገኛል። መንገዷ ግን ሌላ ነው፤ ከሻሸመኔ ወደ አላባ በሚወስደው አስፋልት አጄ ደርሶ ወደ ሰሜን መታጠፍ ነው። ከዚያ ያለው የአፈር መንገድ ክረምት ላይ ስለሚበላሽ ፎር ዊል መኪናና የአካባቢ መሪ ይጠይቃል። አብጃታንና ጪቱን በአንድ ቀን ለማየት መሞከር ጠዋቱን በመንገድ ማባከን ስለሆነ ለጪቱ የራሷን ቀን መስጠት ይሻላል።