በኤችአይቪ ፈውስ ምርምር «የእንስሳ ሞዴል» ምንድን ነው?

ፀረ-ኤችአይቪ መድኃኒት ቫይረሱ እንዳይባዛ ያግዳል እንጂ ከሰውነት ጠርጎ አያወጣውም። ቫይረሱ ዘረመሉን ሲዲ4 በሚባሉ ነጭ የደም ሕዋሳት ዘረመል ውስጥ ሰክቶ ያደፍጣል፤ መድኃኒቱ ሲቋረጥ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ያገረሻል። ያንን ያደፈጠ ቫይረስ ለማጥፋት ወይም ለማፈን የታሰበ ዘዴ ሰው ላይ ከመድረሱ በፊት የሚፈተሽበት እንስሳ ነው የእንስሳ ሞዴል የሚባለው።

እንስሳውን ማግኘት ግን ቀላል አይደለም። ኤችአይቪ-1 ተራ አይጥን አይዝም። የእስያዎቹ ሬሰስ ጦጦች ሕዋስ ውስጥ ቢገባም ትሪም5-አልፋ የተባለው ፕሮቲናቸው የቫይረሱን ቅርፊት ይዞ ያከሽፈዋል። ስለዚህ ለጦጣ የሚሰጠው የኤችአይቪ ዘመድ የሆነው ኤስአይቪ ነው፤ በኤችአይቪ ላይ የሚለጠፍ አንቲቦዲ (ፀረ እንግዳ አካል) የሚሞከር ከሆነ ደግሞ ኤስአይቪ የኤችአይቪን የውጭ ልባስ ለብሶ «ሺቭ» የተባለ ድቅል ይሆናል። (የእኛው አገር ጦጣ በተፈጥሮ የራሱ ኤስአይቪ አለው፤ ግን አይታመምበትም። ሬሰስ በኤድስ ይሞታል፤ የተመረጠውም ለዚሁ ነው።)

የሰው መከላከያ ሕዋስ የተተከለላቸው አይጦች ኤችአይቪን ራሱን ይቀበላሉ፣ ርካሽም ናቸው። ይሁንና የተተከለው ሕዋስ ውሎ አድሮ አይጧን ራሷን ማጥቃት ስለሚጀምር ለረጅም ጥናት አይሆኑም።

የጦጣ ትልቁ ጥቅም በቫይረሱ የተያዘበት ቀን መታወቁ ነው። ቴኖፎቪር፣ ኤምትሪሲታቢንና ዶሉቴግራቪር የተባሉት ፀረ-ኤችአይቪ መድኃኒቶች ተቀላቅለው በቀን አንዴ ከቆዳ ሥር ይወጋሉ፤ መቼ እንደሚጀመርና መቼ እንደሚቆም የሚወስነው ተመራማሪው ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመ ጥናት በተያዙ በ3ኛው ቀን፣ ቫይረሱ ደም ውስጥ ሳይታይ መድኃኒት የጀመሩ ጦጦች ከ24 ሳምንት በኋላ ሲያቋርጡ በሁሉም አገረሸ። ሰው በ3ኛው ቀን መያዙን እንኳ አያውቅም። መጨረሻ ላይም የጦጣው አንጀት፣ ጣፊያ፣ ንፍፊትና አንጎል ይበረበራል፤ ከሰው የሚገኘው ግን በአብዛኛው ደም ነው።

ሞዴሉ የሚያሳስትበትም ጊዜ አለ። በ2016 አልፋ4ቤታ7 የተባለ የሕዋስ ፕሮቲንን የሚይዝ አንቲቦዲ የተሰጣቸው 8 ጦጦች መድኃኒት ካቆሙ በኋላም ቫይረሱን ተቆጣጠሩት ተባለ፤ ዜናው ዓለምን አዳረሰ። በ2019 ሌሎች ቡድኖች ሲደግሙት ውጤቱ አልተገኘም፤ በሰዎች ላይም አልሠራም። ኋላ ሲመረመር መጀመሪያ የተሰጠው ቫይረስ ኔፍ በተባለው ዘረመሉ ላይ ጉድለት ነበረበት፤ ማለትም የተዳከመ ነበር። ሌላው ወጥመድ ውርስ ነው፦ ማሙ-ቢ08 ወይም ቢ17 የተባለ ዘረመል ያላቸው ሬሰሶች ከሌሎቹ በበለጠ ያለ ምንም እርዳታ ቫይረሱን ያፍናሉ። ቡድኖቹ ትንንሽ ስለሆኑ እነዚህ ጥቂቶች የሚሞከረው መድኃኒት በሚሰጠው ቡድን ውስጥ ከተከማቹ የማይሠራ መድኃኒት የሠራ ይመስላል፤ ስለዚህ አስቀድመው ተመርምረው ይወጣሉ ወይም በእኩል ይከፋፈላሉ።

በ2018 ፒጂቲ121 የተባለ አንቲቦዲና ቬሳቶሊሞድ የተባለ መከላከያ ሕዋሳትን የሚቀሰቅስ መድኃኒት አብረው ከተሰጧቸው 11 ጦጦች 5ቱ መድኃኒት ካቆሙ በኋላ ከ5 ወር በላይ ቫይረሱ ሳያገረሽባቸው ቆዩ። ሕክምና የጀመሩት ግን በተያዙ በ7ኛው ቀን ነው፤ ሰው ክሊኒክ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ነው።